የጦቢት ሚስት ሐና፤ ስለ አስታማሚ የተጻፈውና ያልተጻፈው

በየዓመቱ ጳጉሜን 3 ቀን የመልአኩ የቅዱስ ሩፋኤል በዓል በሚከበርበት ጊዜ የመጽሐፈ ጦቢት ነገር በየዐውደ ምሕረቱ ይነሣል። በመቱም ሆነ በጎሬ በዚያ ሰሞን ዝናቡ ገና አላባራምና ሕዝቡ ጋቢውን ተከናንቦ ጃንጥላውን ዘርግቶ ያዳምጣል። ሰባኪው የጦቢትን ምጽዋት ያነሣል፤ ሙታንን መቅበሩን ያመሰግናል፤ ከዚያም ወደ ጤግሮስ ወንዝ ወርዶ የዓሣውንና የሐሞቱን ነገር፣ መልአኩም ከጦብያ ጋራ መንገድ መሄዱን ይተርካል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ዳሩ ግን በዚህ ሁሉ መካከል ስሟ እምብዛም የማይጠራ፣ ቢጠራም እንደ ነገረኛ ሴት የምትጠቀስ አንዲት ሰው አለች፤ እርሷም የጦቢት ሚስት ሐና ናት። መጽሐፉን በእርሷ ወገን ቆመን ብናነበው ምን እንደምናገኝ በዚህ ገጽ ልንመረምር ወደድን።

የታመመ ባል ያላት ሴት ወይም የታመመች ሚስት ያለችው ሰው ከየትኛውም አጥቢያ አይታጣም። በሽተኛውን ሄደን እንጠይቃለን፤ «እግዚአብሔር ይማርህ» እንለዋለን፤ አስታማሚዋን ግን ከደጅ «አይዞሽ፣ በርቺ» ብለን እናልፋለን። መጻሕፍቶቻችንና ስብከቶቻችንም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። የበሽተኛው ትዕግሥት ይወደሳል፤ ሌሊት ተነሥቶ እርሱን ያገላበጠው ሰው ትዕግሥት ግን ስም የለውም። በዚህ ነገር ቋንቋችን ከእኛ ይልቅ ቸር ሆኖ እናገኘዋለን፤ «አስታመመ» የሚለው ቃል «ታመመ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነውና፣ አስታማሚ ማለት ከውጭ የቆመ ረዳት ሳይሆን የደዌው ተካፋይ መሆኑን ቃሉ ራሱ ይመሰክራል።

የታሪኩ ነገር እንዲህ ነው። ጦቢት በነነዌ በምርኮ ሳለ የተገደለ ሰው ቀብሮ ከተመለሰ በኋላ በግቢው ቅጥር ሥር ተኛ። ፊቱ አልተሸፈነም ነበርና የወፎች ኵስ በዓይኑ ላይ ወደቀ፤ ዓይኑንም ነጭ ሞራ ጋረደው። ወደ ሐኪሞች ሄደ፤ አልጠቀሙትም። ዕውር ሆኖ የኖረበትን ዘመን አጭሩ የግሪክ ቅጂ ስምንት ዓመት ሲያደርገው ረጅሙ ቅጂ አራት ዓመት ያደርገዋል። ለጊዜው የወንድሙ ልጅ ይመግበው ነበር፤ እርሱም ወደ ሌላ አገር ሄደ። ከዚያ ወዲህ ቤቱን የያዘች ሐና ናት። በደመወዝ ለሰው የሴት ሥራ ትሠራ ነበር፤ ረጅሙ ቅጂ ይህ ሥራ ሽመና እንደ ነበረ ያስረዳል። (በእኛ አገር ፈትሉ የሴት፣ ሽመናው የወንድ ነውና ይህን ሲያነብ የሚደነቅ ሸማኔ ይኖራል።)

አንድ ቀን ባለቤቶቹ ደመወዟን ከከፈሏት በኋላ የፍየል ግልገል ጨመሩላት። ግልገሉ ወደ ቤት ሲገባ ጮኸ። ጦቢትም ይህ ከወዴት መጣ፣ የተሰረቀ እንደ ሆነ ለባለቤቱ ይመለስ አለ። እርሷም ከደመወዜ በላይ የተሰጠኝ ነው ብትለው አላመናትም፤ ስለ እርሷም አፈረ። ያን ጊዜ ሐና ተቈጥታ የምጽዋቱና የጽድቁ ፍሬ ወዴት እንዳለ ጠየቀችው። ጦቢትም አልቅሶ ሞትን ለመነ።

በእኛ አስተያየት በመጽሐፉ ሁሉ ከዓሣው ይልቅ የሚደነቀው ይህ አጭር ታሪክ ነው። ጸሐፊው ስለ ዕውርነት አንዲት ቃል ሳይጨምር ዕውርነት ምን እንደ ሆነ አሳይቶናል። ጦቢት ግልገሉን ሰማ እንጂ አላየም። ዓይን ያለው ሰው ቢሆን ኖሮ አስቀድሞ የሚያየው ግልገሉን ሳይሆን ሚስቱን ነበር፤ ከሥራ ስትመለስ ፊቷ እንዴት እንደ ጠወለገ፣ ገመዱን በየትኛው እጇ እንደ ያዘች፣ ለእርሱ ለማሳየት እንዴት እንደ ቸኰለች ያይ ነበር። አሁን ግን ከአንድ ጩኸት በቀር በእጁ ማስረጃ የለውም፤ የቀረውን ሁሉ በእርሷ ቃል ማመን አለበት። በሰው ቃል መኖር ደግሞ ለቤት ጌታ ቀላል ነገር አይደለም። ትናንት ለድኻ ይሰጥ የነበረ ሰው ዛሬ እንጀራውን ከሚስቱ እጅ ይቀበላል። ከቀድሞ ሥልጣኑ የቀረችው አንዲት ነገር ብቻ ናት፤ እርሷም ይህ ይገባል፣ ይህ አይገባም ብሎ መፍረድ ነው። ግልገሉ እንዲመለስ ማዘዙ በቤቱ ውስጥ የቀረችለት የመጨረሻዪቱ ትእዛዝ ናት ብንል ስሕተት አይመስለንም። ዓመት ሁለት ዓመት አልጋ ላይ የቆየ ሰው ያስታመመ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ወጡ ጨው በዛበት፣ በሩ ለምን ተከፈተ፣ ያ ገንዘብ ወዴት ገባ የሚለው ንዝንዝ ከክፋት ብቻ የሚመጣ አይደለም።

ኦሪትን የሚያውቅ አንባቢ ግን እዚህ ላይ ሌላ ነገር ያስታውሳል። በዕውር ሰው ቤት የፍየል ግልገል ሲገባ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ይስሐቅ ዓይኑ በፈዘዘ ጊዜ ርብቃ ሁለት የፍየል ጠቦቶች አስመጥታ መብሉን ሠራች፤ ቆዳቸውንም በያዕቆብ እጅ ላይ አልብሳ ባልዋን አታለለችው። እንግዲህ የጦቢት ጥርጣሬ እንዲያው ከባዶ የበቀለ አይደለም፤ የዕውሩን ዓይን ጉድለት መጠቀሚያ ያደረገች ሚስት በአባቶች ታሪክ ውስጥ ነበረች። ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ላስቀመጣቸው ሰው አንድ የሚያስገርም ነገር ይታያል፤ ይስሐቅ ድምፁን ጠርጥሮ እጁን አመነና ተታለለ፤ ጦቢት ድምፁን አምኖ ሚስቱን ጠረጠረና ተሳሳተ። ጸሐፊው ይህን አስቦ ጽፎት እንደ ሆነ መማል አንችልም፤ አስቦት ከሆነ ግን ለሐና የተወላትን የክብር ስፍራ ያሳያል። የርብቃ ጠቦቶች የተንኰል ነበሩ፤ የሐና ግልገል ግን የላቧ ነው።

የመልሷን ነገር ብዙዎች ሰባኪዎች ይነቅፉባታል። እውነት ነው፤ ቃሏ ጨካኝ ነው፤ የዕውር ሰው ቍስል የት እንዳለ ከሚስቱ የበለጠ የሚያውቅ የለምና በዚያው ላይ መታችው። መጽሐፉም ይህን አላለዘበውም፤ ባለማለዘቡ እናመሰግነዋለን። የሚያስታምም ሰው ሁሉ እንደ በግ ዝም ይላል ብሎ የሚጽፍ ደራሲ ካለ በበሽተኛ አልጋ አጠገብ አንድ ሌሊት አድሮ አያውቅም።

ይሁን እንጂ መጽሐፉንም ሳንነቅፍ አናልፍም፤ የዘመናቱን ሁሉ ድካም በአንድ ሁለት ቍጥር አልፎታል። ሐና ጠዋት ከመውጣቷ በፊት ምን እንደምትሠራ፣ ጦቢትን ማን ወደ ደጅ እንደሚመራው፣ ልብሱን ማን እንደሚያጥብ አልተጻፈም። ያልተጻፈውን ለመረዳት ለኢሉባቦር ሰው ሩቅ መሄድ አያሻውም። በዚህ ዝናብ በሚበዛበት፣ አፈሩ ቀይ በሆነ አገር ዝሆኔ የሚባለውን የእግር ደዌ የማያውቅ የለም። ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት ይህ ደዌ ዘመኑን ሁሉ በባዶ እግሩ በእሳተ ገሞራ አፈር ላይ የሚሄድ ሰው የሚያገኘው ነው፤ ደቃቁ የአፈር ብናኝ በቆዳ ገብቶ እግርን ያሳብጣል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ሰዎች ግን ይተላለፋል ብለው ይሸሻሉ፤ ስለዚህም ጋብቻ ይከለክላሉ። ሕክምናው ሲነገር ቀላል ነው፤ እግሩን በየቀኑ በንጹሕ ውሃና በሳሙና ማጠብ፣ ጥቂት የጀርም ማጥፊያ በተጨመረበት ውሃ መዘፍዘፍ፣ በጣቶች መካከል ሳይቀር ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ፣ ሲያርፉም እግሩን ከፍ አድርጎ ማሳረፍ። ነገር ግን «በየቀኑ» የሚለው ቃል በጽሑፍ አራት ፊደል ነው፤ በቤት ውስጥ ግን ዕድሜ ልክ ነው። ውሃው ከምንጭ በጀሪካን ይቀዳል፤ ሳሙናው ይገዛል፤ ፋሻው ይታጠባል። እግሩ አመርቅዞ ትኵሳት በመጣ ጊዜ ደግሞ ባልየው ለቀናት ይተኛል፤ ያ ቀን በቡና ለቀማ ሰሞን ከዋለ ቡናውም የሚስቲቱ፣ እግሩም የሚስቲቱ ይሆናል።

ካህናት አባቶቻችን በጸሎተ ሐሙስ የሕዝቡን እግር በወይንና በወይራ ቅጠል እያጠቡ የጌታን ትሕትና ያሳዩናል፤ ያንን ሥርዓት በዓመት አንድ ቀን እናያለን። ሌላው እጥበት ግን በየማታው በኩራዝ ብርሃን፣ ሽታውን ታግሦ፣ ዘማሪ ሳይቆም የሚፈጸም ነው። በሆስፒታልም ቢሆን ሥራው አይቀርም፤ በመቱ ካርል ሆስፒታልም ሆነ በሌላው የአገራችን ሆስፒታል ምግብ በሳህን ቋጥራ የምትመላለስ፣ የመድኃኒቱን ወረቀት ይዛ የምትሮጥ፣ ሌሊት በአልጋው ግርጌ ነጠላዋን አንጥፋ የምታድር አስታማሚ አለች። ስለ እርሷ የተጻፈ ልብ ወለድ ብንፈልግ እምብዛም አናገኝም።

አሁን ወደ ሌላይቱ የተነቀፈች ሴት፣ ወደ ኢዮብ ሚስት እንለፍ። የእርሷ ንግግር በዕብራይስጡ ስድስት ቃል ብቻ ናት፤ በዚያች ስድስት ቃል ምክንያት ስንት ዘመን ሙሉ የሰይጣን መሣሪያ ስትባል ኖራለች። የሰብዓ ሊቃናት ትርጕም ግን፣ ወደ ግእዝ የተመለሰው ብሉይ ኪዳን መነሻ የሆነው ማለት ነው፣ ለእርሷ ረዘም ያለ ቃል ሰጥቷታል። በዚያ ላይ የልጆቿን ሞት፣ የማሕፀኗን ምጥ ታነሣለች፤ ባልዋ በትልና በመግል ተቀምጦ በሜዳ ሲያድር እርሷ ከስፍራ ወደ ስፍራ፣ ከቤት ወደ ቤት እንደ ገረድ እየዞረች ፀሐይ ጠልቃ የምታርፍበትን ሰዓት እንደምትጠብቅ ትናገራለች። ይህን ያነበበ ሰው የመጨረሻውን ክፉ ምክሯን አያጸድቅላትም፤ ከወዴት እንደ መጣ ግን ያውቃል። ፀሐይ እስክትጠልቅ መጠበቅ! ይህች አንዲት ነገር የገባችው ከሚያስታምም ሰው አፍ ነው። ሦስቱ ወዳጆች መጥተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው ተቀመጡ ይላል፤ ዝምታቸውንም ሰባኪዎች ያመሰግናሉ። በእነዚያ ሰባት ቀናት ማን ውሃ እንዳቀረበላቸው ግን የጠየቀ የለም፤ የለቅሶ ቤት ሥራ የሚያውቅ ያገራችን ሰው መልሱን ሳይነግሩት ያውቀዋል።

ከመጽሐፍ ቅዱስ ወጥተን ወደ አገራችን ታሪክ ብንመለስ እቴጌ ጣይቱን እናገኛለን፤ ይህም ታሪክ ለኢሉባቦር ቅርብ ነው። ዳግማዊ ምኒልክን ከ1898 ዓ.ም. ጀምሮ ደጋግሞ የመታቸው ደዌ በጥቅምት 1902 ዓ.ም. ጸንቶ አካላቸውንና አንደበታቸውን ያዘ። ያን ጊዜ የልጅ ኢያሱ ሞግዚትና እንደራሴ ሆነው የተሾሙት መቀመጫቸውን በጎሬ አድርገው ኢሉባቦርን ያስተዳድሩ የነበሩት ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ናቸው። የመንግሥቱ ሥራ ግን ለጥቂት ወራት በእቴጌይቱ እጅ ነበረ። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ተሰብስበው ከመንግሥት ሥራ እጃቸውን አንሥተው ባላቸውን ብቻ እንዲያስታምሙ ወሰኑባቸው። የፖለቲካውን ነገር፣ ማን ትክክል እንደ ነበረ፣ ለታሪክ ሊቃውንት እንተወዋለን። እኛን የሚያስደንቀን ቃሉ ነው፤ ለመኳንንቱ ማስታመም ማለት ከሥልጣን መውረድ ማለት ነበረ፤ የበሽተኛውም አልጋ እንደ ግዞት ስፍራ ተቈጠረ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ንጉሠ ነገሥቱ እስካረፉበት እስከ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ድረስ ሦስት ዓመት ከዘጠኝ ወር ነው። በዚህ ዘመን ስለ ሹም ሽሩና ስለ ሽኩቻው ብዙ ተጽፏል፤ በአንደበት አልባው ንጉሥ አልጋ አጠገብ ስለ ነበረው ሕይወት ግን የተጻፈው ጥቂት ነው። ክሪስ ፕራውቲ የተባሉት ጸሐፊ በ1986 እ.ኤ.አ. ስለ እቴጌይቱና ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ያሳተሙት ትልቅ መጽሐፍ እንኳ በርእሱ ላይ የሚጠቅሰው ዘመን ከ1883 እስከ 1910 እ.ኤ.አ. ነው። ጸሐፊዋን ለመንቀፍ አይደለም፤ የመጽሐፉን ያህል የደከመላቸው ሰው ጥቂት ነው። ዳሩ ግን ርእሱ የሁላችንን ልማድ ይገልጣል፤ ሴቲቱ ከዙፋኑ አዳራሽ ወደ በሽተኛው እልፍኝ ስትገባ ታሪኩ ያበቃ ይመስለናል።

በዚያው ሰሞን ወደ ቤተ መንግሥት የገባ አንድ ጀርመናዊ ሐኪም ንጉሠ ነገሥቱ መርዝ ተሰጥቷቸዋል የሚል ክስ አነሣ፤ ክሱም አልተረጋገጠም። እንግዲህ ሦስቱን ሴቶች አንድ ላይ እናስተያያቸው። ሐና በስርቆት ተጠረጠረች፤ የኢዮብ ሚስት በክህደት ተነቀፈች፤ በጣይቱ ዙሪያ የመርዝ ወሬ ተነዛ። በመጻሕፍቶቻችን አስታማሚ ሰው የሚታየው ሲከሰስ ነው፤ ክሱ ባይኖር ስሙም ባልተጠራ ነበር። በመንደርስ ቢሆን «ምን አድርጋበት ይሆን?» የሚለው ሹክሹክታ በስንቲቱ የበሽተኛ ሚስት ላይ ተነሥቶ የለምን? ባልየው ጠና ሲል «አላስታመመችውም» ይባላል፤ ሲሻለው ደግሞ ጠበሉ ይመሰገናል።

ባል ሚስቱን ሲያስታምም የሚያሳይ ጽሑፍ ፈልገን ያገኘነው ከዚህም ያነሰ ነው። ነገሩ በኑሮ ውስጥ አይታጣም፤ ሚስቱን በጀርባው አዝሎ ወደ ጠበል የሚወስድ፣ ሊጥ ማቡካትን በአምሳ ዓመቱ የሚማር ባል አለ። ጎረቤት ያየው እንደ ሆነ ግን አንዱ እንደ ጻድቅ ያወድሰዋል፤ ሌላው ወንድነቱ ተለየው ብሎ ይሥቅበታል። ደራሲዎቻችን ከሁለቱ አንዱንም አልጻፉም። ይህ ትልቅ ጉድለት ነው፤ በዚህ አገር ብዕር የያዘ ወጣት ካለ ይህን ያስብበት።

ወደ ጦቢት ስንመለስ አንድ ጥያቄ ቀርቶናል፤ ጦቢት ሐናን ይቅርታ ጠይቋት ይሆን? መጽሐፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ብንመረምር እንዲህ ያለ ቃል አናገኝም። ሊሞት የመሰለው ቀን ለልጁ ለጦብያ ሲናዘዝ እናቱን እንዲያከብር፣ ስለ እርሱም የተቀበለችውን መከራ እንዲያስብ፣ በሞተችም ጊዜ ከእርሱ ጋራ በአንድ መቃብር እንዲቀብራት አዘዘ። ይህ ታላቅ ቃል ነው። (እቴጌ ጣይቱም በየካቲት 1910 ዓ.ም. በእንጦጦ አርፈው ዛሬ በታእካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ከባላቸው ጋራ ይገኛሉ።) ጦብያ ወደ ሜዶን በሄደ ጊዜ ደግሞ ሐና ከልጃችን ገንዘቡ ይበልጣልን ብላ አለቀሰች፤ በየቀኑም ወደ መንገዱ እየወጣች ትጠብቅ ነበር፤ ሲመለስም አስቀድማ ያየችው እርሷ ናት፤ ለዕውሩም የነገረችው እርሷ ናት። ያን ቀን ጦቢት ያለ ክርክር አመናት፤ እየተሰናከለ ወደ ደጅ ወጣ።

ነገር ግን ይቅርታው በሌላ ስፍራ ተሰውሮ እናገኘዋለን። ያስተዋለ አንባቢ እንደሚያውቀው የመጽሐፉን መጀመሪያ፣ የግልገሉን ታሪክ ጨምሮ፣ የሚተርከው ጦቢት ራሱ ነው፤ «እኔ» እያለ ይናገራል። ባለቤቶቹ ደመወዟን ከፍለው ግልገል እንደ ጨመሩላት የሚነግረንም እርሱ ነው፤ ይህንም የሚነግረን ከመጠርጠሩ በፊት ነው። ሊደብቀው ይችል ነበር። ጩኸቱን ብቻ ነግሮን እኛንም ከእርሱ ጋራ ሐናን እንድንጠራጠር ሊያደርገን ይችል ነበር። አላደረገውም። አስቀድሞ እውነቱን አስቀመጠ፤ ቀጥሎ አለማመኑን ጻፈ፤ ከዚያም የእርሷን መልስ አንዲት ቃል ሳይቀንስ፣ በእርሱ ላይ የተነገረውን ዘለፋ እንዳለ አሰፈረ። በኢዮብ ሚስት ስም ይህን ያደረገላት ተራኪ የለም፤ ለጣይቱም ባላቸው አንደበታቸው ተይዞ ነበርና የሚናገርላቸው አልነበረም።

ስለዚህ በሚመጣው ጳጉሜን በዓሉን የሚሰብኩ አባቶች ወደ ዓሣው ከመድረሳቸው በፊት ሁለተኛውን ምዕራፍ እስከ ፍጻሜው በጉልሕ እንዲያነቡልን እንለምናለን። ግልገሉ ለባለቤቶቹ ተመልሶ እንደ ሆነ፣ ወይም በዚያ ቤት አድጎ ወተቱን ሰጥቶ እንደ ሆነ፣ መጽሐፉ አይናገርም።